የአለላ ቀለም በእናቴ ጋን

የእናቴ ጠጅ ቢጫ አልነበረም። ይህን ቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ዛሬ ጠጅ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ደማቅ ቢጫ ነገር ነውና። የእናቴ ጠጅ እንደ ዓመቱ ነበር። አደይ አበባ ሜዳውን የሸፈነበት ዓመት ከሆነ ወደ ወርቃማ ያደላል፤ ንቦቹ ግራዋ የቀሰሙበት ከሆነ ይጠቁርና ከጉሮሮ ሲወርድ ትንሽ ይመራል። ብዙውን ጊዜ ግን ዝናብ ያገኘው ገለባ ይመስላል። ለማያውቅ ሰው አያጓጓም። እናቴ ብርሌውን ወደ በሩ ብርሃን አንስታ ታይና "ዘንድሮ ንቦቹ ወደ ወንዙ ወርደዋል" ትላለች፤ ሌላ ዓመት ደግሞ "ዘንድሮ ደጋውን አልለቀቁም" ትላለች። እንዴት እንደምታውቅ ጠይቄያት አላውቅም። እኔ ብዙ አልጠይቅም ነበር።

ቤታችን ጎንደር ከአራዳ ዝቅ ብሎ ነበር። አባቴ ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሞተ፤ መልኩን አላስታውስም። እናቴ ጠጅ ቤት አልነበራትም። ለተዝካር፣ ለሠርግና ለማኅበር ሲፈልጓት ትጥላለች፤ በዚያ ነው ያሳደገችኝ። በተለይ በየዓመቱ ጥር ሃያ አንድ ቀን የደብራችን ካህናት ለሚያወጡት የእመቤታችን ዝክር ጠጁን የምትጥለው እሷ ነበረች። ሌላ ሰው አይጠሩም።

በአገራችን ጠጅ የጣለ ሰው ለእንግዳ ሲያቀርብ መጀመሪያ ከመዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ በእንግዳው ፊት ይቀምሳል። መርዝ የለበትም ለማለት ነው ይላሉ። እናቴ ግን ሌላ ትርጉም ሰጥታው ነበር። "ከዚህ ሌላ መሐላ የለኝም" ትለኝ ነበር መዳፏን እያሳየች። "በዚህ እጅ የበጠበጥሁትን በዚህ እጅ እቀምሳለሁ።"

ማሩን የሚያመጡልን ከአምባ ጊዮርጊስ ትንሽ ፈንጠር ብሎ የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። አያ ነበር የምንላቸው። በየዓመቱ ኅዳር ሲያልቅ ማሩን በሁለት ጉንዶ ሞልተው፣ አፉን በቅጠል ጠቅጥቀው፣ በአህያ ጭነው ይመጣሉ። ዕቃው ሳይከፈት ስለ ንቦቹ ያወራሉ፤ የትኛው ቀፎ እንደ ኮበለለ፣ የትኛው ጸንቶ ደጀን እንደ ሆነ፤ ስለ ዘመድ ነበር የሚመስለው። እናቴ ሰምታ ከጨረሰች በኋላ ብቻ ጣቷን ነክራ ትቀምሳለች።

ከገበያ የሚመጣ ነገር ሁሉ አይጥማትም ነበር። ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ ቀን ምላሴ እንደ በርበሬ ቀልቶ ቤት ገባሁ።

"ምን ፍሬ በልተሽ ነው?" አለችኝ።

"ፍሬ አይደለም እማየ፣ ካራሜላ ነው። ከአራዳ ሱቅ ነው።"

"ፍሬ ካልሆነ ማን አቀላው?"

በውኃ አስጕመጠመጠችኝ፤ የተፋሁት ውኃ ቀይ ሆኖ ሲወርድ ሁለታችንም ቆመን አየነው። የቆርቆሮ ወተትም ሲመጣ "ላሟ የማትታወቅ ወተት" ብላ አልነካችውም።

አራተኛ ክፍልን ስጨርስ ትምህርቱን ተውሁት። ሰነፍ ሆኜ አይደለም። መምህሩ ስሜን በጠሩ ቁጥር አፌ ይደርቅ ነበር፤ የማውቀውን እንኳ ተነሥቼ መናገር አልችልም። እናቴም አላስገደደችኝም። ቤት ውዬ ስፌት እሰፋ ጀመር። አክርማውን በቀለም ነክሬ አለላ አወጣለሁ፤ ቀይ፣ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። ቀለሙ ዱቄት ነው፤ ከአራዳ ሱቅ በወረቀት ተጠቅልሎ ይገዛል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ቢጫው ነበር። መዳፍ ላይ ከነካ በሳሙናም በአመድም አይለቅም።

ከእኛ ከፍ ብሎ ጠጅ ቤት የነበራት ጎረቤት ነበረችን። እትዬ ነው የምላት። ሳቂታ፣ ለጋስ፣ ሰው የማይጠላት ሴት ናት። ስኳር በከተማው እንደ ልብ መገኘት ሲጀምር ማሩን እየቀነሰች ስኳሩን እየጨመረች ሄደች፤ በኋላ ማሩ ጨርሶ ቀረ። ቀለሙን የሚሰጥ ነገርም አገኘች። እናቴን ትቀልድባት ነበር።

"አንቺ ሴት፣ ንብ ስትጠብቂ አንድ ቀን ክንፍ ታበቅያለሽ። ስኳሩ ደጅሽ ቆሞልሽ!"

"ስኳርሽን የቀሰመችውን ንብ አሳይኝና እገዛለሁ" ትላታለች እናቴ።

"ጠጪው አይጠይቀኝ፣ አንቺ ምነው ትጠይቂኛለሽ?"

"ጠጪው ከሁለተኛው ብርሌ በኋላ ስሙንም አይጠይቅ።"

ይሳሳቃሉ። እናቴ ከእሷ ቤት ግን ጠጅ አትቀምስም ነበር፤ እትዬም ይህን ታውቃለች፤ አትቀየማትም።

እናቴ የታመመችው አንድ ዓመት ከመስቀል በኋላ ነው። መጀመሪያ ጎኗን ወጋት፤ ቀጥሎ ሆዷ ማበጥ ጀመረ፤ ከዚያ እህል አልወርድ አላት። ሐኪም ቤት ወሰድኋት፤ መድኃኒት ተሰጣት፤ አልተሻላትም። ጸበልም ሞከርን። ከአፏ የሚገባው ብርዝ ብቻ ሆነ። በቤት የቀረችውን የአምናን ማር በውኃ እየበጠበጥሁ እሰጣታለሁ፤ በዚያ በረታች፣ እንዲያውም ኅዳር ላይ ተነሥታ ደጅ ተቀመጠች። ማሩ ታኅሣሥ ሲገባ አለቀ።

አያ አልመጡም። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ከባድ በረዶ ወርዶ አበባውን መትቶት ስለ ነበር በከተማው ገበያ ማር የለም። የተገኘውን ጠጅ ቤቶቹ ቀድመው ያነሡታል። እናቴ በየማለዳው "አያ መጡ?" ትለኛለች። "አልመጡም" እላታለሁ። ለራሷ ብቻ አልነበረም የምትጨነቀው። ለዝክሩ ቃሏን ሰጥታለች፤ ጠጁ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል።

ለገና በዓል ሳምንት ሲቀረው ጠራችኝ።

"ነገ አምባ ጊዮርጊስ ሂጂ። ማኪና አለ። ወርደሽ የአያን ቤት ብትጠይቂ ሁሉ ያውቀዋል። ያላቸውን ይስጡሽ፤ ትንሽም ቢሆን።"

"እሺ እማየ" አልኋት።

በማግሥቱ ነጠላዬን አጣፍቼ ማኪናው ወደሚቆምበት ሄድሁ። የጭነት ማኪና ነበር፤ ሰው ከላይ ጆንያ ላይ ነው የሚቀመጥ። ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ የእህል ነጋዴዎችና ሁለት ወታደሮች። ጥግ ይዤ ቆምሁ። ሴት እስክትመጣ ልጠብቅ ብዬ ነው። አልመጣችም።

"እሜቴ" አለኝ አንዱ ከላይ ሆኖ፣ "ትሳፈሪያለሽ ወይስ ማኪናውን ልትገዥው ነው እንዲህ የምታይው?"

ሳቁ። ሌላው "ተዋት፣ ጎማውን እየቆጠረች ነው። አንድ ቢጎድል ትነግረናለች" አለ። ደግሞ ሳቁ።

ክፉዎች አልነበሩም። አሁን ሳስበው እጃቸውን ዘርግተው ያወጡኝ ነበር። ሾፌሩ ራሱ ወደ እኔ መጥቶ በደኅና ቃል "ወዴት ነሽ እኅቴ?" አለኝ።

አፌ ደረቀ። ልክ መምህሩ ስሜን ሲጠሩ እንደሚሆነው።

"የትም" አልሁት።

ማኪናው ተነሥቶ ሄደ። አቧራው እስኪረግፍ ቆምሁ። ወደ ቤት ለመግባት እግሬ እምቢ አለኝ፤ ወደ እትዬ ቤት ወጣሁ። እያለቀስሁ ነገርኋት። አልተቈጣችኝም፤ እንዲያውም እንባዬን በነጠላዋ ጠረገችልኝ።

"ለዚህ ነው የምታለቅሽ? አይ አንቺ ሞኝ! ስኳሩን እኔ እሰጥሻለሁ። ጌሾው አላችሁ። ይህችን ደግሞ" አለችና ከመደርደሪያ ላይ ትንሽ ወረቀት አወረደች፣ "በማንኪያ ጫፍ ብቻ። ካህናቱ እንዲያውም ይመርቁሻል። እናትሽም ታማ በሰው ዘንድ ከምታፍር ይሻላል።"

ወረቀቱን ሳልፈታው አወቅሁት። ቢጫው ቀለሜ ነበር። አለላ የማወጣበት።

"እትዬ፣ ይህ እኮ የስፌት ነው" አልኋት።

"የስፌትም የጠጅም ነው። እስካሁን የሞተብኝ አለ?"

ይዤው ወረድሁ።

እናቴ የማኪናውን ድምፅ ስትጠብቅ ውላ ኖሮ ገና ስገባ ቀና አለች። "ደረስሽ? አገኘሽ?" አለችኝ። ፊቷ ላይ የነበረውን ነገር አልረሳውም። "አልሄድሁም፣ አፈርሁ" ማለት አልቻልሁም። "አያን መንገድ ላይ አገኘኋቸው፤ ማሩን ይዘው እየመጡ ነበር፤ ሰጥተውኝ ተመለሱ" አልሁ። በሕይወቴ ያን ያህል ረጅም ውሸት ተናግሬ አላውቅም። አያ ሳይገቡ፣ ስለ ንቦቻቸው ሳያወሩ፣ ውኃ እንኳ ሳይጠጡ ይመለሳሉ ብላ እንዴት ታምን!

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ከዚያ "ዕድሜ ይስጣቸው" አለች።

ጋኑን በወይራ አጠንሁ። ስኳሩን በጠበጥሁ፤ ቀለሙን በማንኪያ ጫፍ ጨመርሁ። ከጓዳ ሆኜ ነበር የምሠራው፤ እናቴ ከመደቧ አታየኝም። ውኃው ባንድ ጊዜ ደመቀ። ማር ሲበጠበጥ ሰፈፉ ይንሳፈፋል፤ የሞተች ንብም ትገኛለች፣ የአበባ ብናኝም፤ እሱን ማጥለል ነው ትልቁ ሥራ። ይህ ግን የሚጠለል ነገር አልነበረውም።

"ልጄ" አለችኝ ከውስጥ፣ "ለእኔም ብርዝ አድርጊልኝ።"

ይህን አላሰብሁም ነበር። ስለ ዝክሩ ብቻ ነበር ያሰብሁ። ግን ማር አለ ብያለሁ። በዋንጫ ቀድቼ ወሰድሁላት። አንድ ጊዜ ተጎነጨች። በአፏ ይዛ ቆየች።

"ምን አበባ ነው አሉሽ አያ?"

"አደይ" አልሁ።

"ሸጋ ነው" አለች። "እዚህ አስቀምጭልኝ፣ ቀስ እያልሁ እጠጣዋለሁ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጧትና ማታ ከስኳሩና ከቀለሙ እየበጠበጥሁ ከራስጌዋ አኖርላት ነበር። ስመለስ ዋንጫው ባዶ ሆኖ አገኘዋለሁ። ደስ ይለኝ ነበር። እየጠጣችልኝ ነው እል ነበር። ግን እየከሳች ሄደች፤ አንገቷ ቀጠነ፣ ድምጿ ራቀ። በሽታው ነው አልሁ።

ጥር ሃያ አንድ ደረሰ። ጠጁን ተሸክመው ወደ ዝክሩ ቤት ወሰዱት። እናቴ መነሣት ስላልቻለች የመቅዳቱ ነገር በእኔ ላይ ወደቀ። ካህናቱ በደረጃቸው ተቀምጠዋል። ከሁሉ በላይ የተቀመጡት ለእናቴም ለእኔም የንስሐ አባት የነበሩት አረጋዊ ቄስ ናቸው። ፊታቸው ቀረብሁ። ከመዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስሁ። ብርሌውን ሰጠኋቸውና እጄን ዝቅ ሳደርግ ዓይናቸው መዳፌ ላይ እንደ ቀረ አየሁ።

መዳፌ መካከል ቢጫ ሆኗል። የጠጅ ርጥበት አልነበረም፤ ቀለም ነው፤ የእጄን መስመሮች ተከትሎ ገብቷል።

በጎን የተቀመጡት ደብተራ ግን ብርሌያቸውን አንሥተው "ዘንድሮስ እንደ ወርቅ ነው! እናት ቀርታ ልጅ ብትጥል ይኸው ደመቀ!" አሉ። ሌላው "ቀስ በሉ ጌታዬ፣ ወርቅ ሆድ ይከብዳል" አላቸው። ቤቱ ሳቀ። ያመሰግኑኝ ነበር። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

የንስሐ አባቴ ብርሌውን ሳይቀምሱ መሬት አኖሩት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እናትሽ ይህን አይታለች?" አሉኝ።

"አላየችም አባ።"

"እጅሽን ታጠቢ ልጄ" አሉ። እስከ ዝክሩ ማብቂያ ውኃ ጠጡ።

ታጠብሁ። አልለቀቀም። ቤት ስገባ እናቴ "መዳፍሽን ስጭኝ" ብትለኝስ ብዬ በነጠላዬ ጠቅልዬ ገባሁ። "ተወደደላችሁ?" ብቻ ነበር ያለችኝ። "ተወደደ" አልኋት። ይህኛው እውነት ነበር።

ከዝክሩ በኋላ ባለው ቅዳሜ አያ መጡ። በምርኩዝ እያነከሱ፣ አህያዋን እየነዱ። እኔ በሩ ላይ እንደ ቆምሁ ቀረሁ። እሳቸው ገብተው ከእናቴ አጠገብ ተቀመጡ፤ እንደ ልማዳቸው ማሩን ሳይፈቱ ማውራት ጀመሩ።

"እግሬን እሾህ ወግቶኝ አመርቅዞ ነው የቀረሁ። ማሩማ ከኅዳር ጀምሮ ተቀምጧል። ከሦስቱ ቀፎ የያዘው አንዱ ነው፤ እሱንም ለማንም አልሰጠሁም፣ ለእናንተ ነው ያልሁ። ለማላውቀው ሰው አደራ ብሰጠው መንገድ ላይ ስኳር ይጨምሩበታል ብዬ ፈራሁ። ሰው ትልካላችሁ ብዬ ባለቤቴን በየገበያው ቀን ከማኪናው መውረጃ አቆማት ነበር። ምነው አንድ ሰው አጣችሁ?"

እናቴ ወደ እኔ አላየችም።

"ሰውስ አለኝ" አለች በዚያ በራቀ ድምጿ። "ከእኔ አጠገብ እንዳትለይ ብዬ ነው ያልላክኋት። ጥፋቱ የእኔ ነው አያ።"

ማሩ ተፈታ። ጠቆር ያለ ነበር። በጠበጥሁት፣ አጠለልሁት፤ ሁለት የሞቱ ንቦች ወጡ። ዋንጫውን ወደ አፏ ይዤ ቀና አደረግኋት። ሁለት ጊዜ ተጎነጨች። ዓይኗን ጨፈነች።

"ግራዋ አለበት" አለች።

ሦስተኛው አልወርድ አላት። ከአገጯ ላይ ጠረግሁት። ከዚያ በኋላ ከንፈሯን ብቻ ነበር የማረጥብላት። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሞተች።

ቀለሙ ገደላት አልልም። በሽታው ቀድሞ ነበር። ግን ከአርባዋ በኋላ ቤቱን ልለቀልቅ መደቡ ላይ የነበረውን ቁርበት አነሣሁ። በመደቡና በግድግዳው መካከል ስንጥቅ አለ። ከስንጥቁ ጀምሮ እስከ ወለሉ ድረስ ጭቃው ቢጫ ሆኗል፤ በላዩ ደርቆ፣ ደግሞ ፈስሶበት፣ ደግሞ ደርቆ። ተንበርክኬ ነካሁት። ጣቴ ላይ ያዘኝ።

ከመጀመሪያው ጉንጭ ጀምሮ አውቃለች። አንድም ቀን አልጠጣችውም። ያን ሁሉ ሳምንት ከውኃ በቀር ምንም ሳይገባላት፣ እኔ እንዳላፍር ዋንጫውን ባዶ አድርጋ ትመልስልኝ ነበር።

ይህን ለማንም አልተናገርሁም ነበር፤ ለንስሐ አባቴ ብቻ። ቀኖና ሰጡኝ፤ ፈጸምሁት። አለላ አሁንም አወጣለሁ፤ ቢጫውም ሰፌድ ላይ ያምራል፤ ቦታው እዚያ ነው። እትዬን አልተቀየምሁም። አልፎ አልፎ ትመጣለች፤ በእናቴ ነገር አብረን እናለቅሳለን፤ ግን እሷ የሰጠችኝ ወረቀት ምን እንዳደረገ አልነገርኋትም።

ጥር ሃያ አንድን አሁን የምጥለው እኔ ነኝ። ማር በጠፋ ዓመት ትንሽ እጥላለሁ፤ ለአንዳንዱ አንድ ብርሌ ብቻ ይደርሰዋል። ደብተራው "ያኔ የጣልሽው ነበር ጠጅ! አሁን ምነው ነጣብሽ?" ይሉኛል። መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ለንስሐ አባቴ አሳያቸዋለሁ፤ ይጠጣሉ።

ኅዳር ሲያልቅ ማኪናው ወደሚቆምበት እሄዳለሁ። አያ አርጅተዋል፤ መምጣት አይችሉም። ጆንያው ላይ የተቀመጡት ወንዶች ዛሬም ያያሉ፣ ዛሬም ይቀልዳሉ፤ እኔም ዛሬም አፌ ይደርቃል። ሾፌሩ መጥቶ "ወዴት ነሽ?" ይለኛል።

"አምባ ጊዮርጊስ" እለዋለሁ። "ለእናቴ ማር ላመጣ።"

ለእናቴ ማለት እንደሌለብኝ አውቃለሁ። ግን ያን ቀን ማለት የነበረብኝ ይህን ነበርና ሌላ ቃል አይመጣልኝም።